ጁገልን በእግር ዞሮ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ሐረርን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሐረር በር በኩል በተሽከርካሪ ገብቶ፣ ፈረስ መጋላ ላይ ወርዶ፣ ሲመሽም ጅብ ሲበላ አይቶ፣ በማግሥቱ ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ ከተማይቱን ያወቃት ይመስለዋል። ካሜራውን ከፍቶ ቢመለከት ግን ያነሣው አንድ በር፣ አንድ አደባባይና የጅብ ዐይን ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት፣ ጁገል የሚባለው ቅጥር ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መሆኑን፣ ጥንታውያን በሮቹም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር መባላቸውን፣ ከተማይቱም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቷን ማንም መሪ ስለሚናገረው እኔ አላስረዝምበትም። ከቅጥሩ ውስጥ ካሉት መተላለፊያዎች ብዙዎቹ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ ትከሻ ለትከሻ የሚነካኩባቸው ስለ ሆኑ፣ ጁገልን የሚያውቃት በእግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ መሆኑን ግን አጥብቄ እናገራለሁ።

ለእግረኛው ፎቶግራፍ አንሺ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የብርሃንን ጠባይ ማጥናት ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ የመተላለፊያውን አንዱን ወገን ብቻ ስትመታ፣ ኖራ የተቀባው ግንብ የተቀበለውን ብርሃን በጽላሎት ላለው ወገን መልሶ ያካፍለዋል፤ በዚያም በጥላው ወገን የቆመ ሰው ፊቱ ሳይጨማደድ፣ ዐይኑም ሳይጨፈን፣ በለሰለሰ ብርሃን ተከቦ ይታያል። ይህን ጸጋ የማያውቅ ሰው ግን የጥላውን ወገን ትቶ፣ የሚያነሣውን ሰው ከፀሐይ ፊት ገትሮ «ፈገግ በል» እያለ ያሠቃየዋል። ነገር ግን ግንቡ ነጭ መሆን አለበት፤ ብዙው የጁገል ግድግዳ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ስለሚቀባ፣ ከአረንጓዴ ግንብ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ጉንጩ አረንጓዴ ሆኖ ቢወጣ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ሐረር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ በጥር በቀትር ጨለማ የነበረው ወደ ሰሜን የሚመለከት ግድግዳ በሰኔ፣ ደመናው በገለጠ ጊዜ፣ በርቶ ይገኛል። ጁገልን በአንድ ወራት ብቻ ያየ ሰው ግማሿን አላየም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲያስቆጣኝ ወደ ኖረው ወደ ራምቦ ቤት ልለፍ። እንግዳ ሁሉ የተቀረጸ እንጨትና ባለ ቀለም መስታወት ያለውን ያን መልካም ቤት እያነሣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ የኖረበት ነው ብሎ ለወዳጆቹ ያሳያል። ቤቱን ግን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ራምቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በማርሴይ ከሞተ በኋላ ነው። በቤቱ ውስጥ የድሮይቱ ሐረር ፎቶግራፎች ስላሉና ከደርቡም ላይ የከተማይቱ ጣራ ሁሉ ስለሚታይ መግባቱ ደግ ነው፤ ዳሩ ግን ሙት ያልኖረበትን ቤት «የእርሱ ነው» ማለት ለሙቱም ለሕንዳዊውም ግፍ ነው።

የሚያሳዝነኝም ስለ ራምቦ እውነተኛው ታሪክ ለፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው ሰው በመጥፋቱ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 መጨረሻ፣ ከተማይቱ በግብፆች እጅ ሳለች፣ የባርዴ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሐረር መጣ፤ በኋላም ስለ አገሩ በካርታና በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ ለማዘጋጀት አስቦ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከሊዮን አስመጣ። በ1883 በሜይ ወር ለቤተ ሰቦቹ የላካቸው የራሱ ምስሎች አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፣ ሌላው በቡና አትክልት ውስጥ፣ ሌላውም በሙዝ አትክልት ውስጥ ቆሞ የተነሡ ሲሆኑ፣ ነጣ ብለው የወጡትም ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለ ነበረ መሆኑን ራሱ ጽፏል። በዚያ ዘመን ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ካልወጣ፣ የቀረው እየቆየ ብሩን ስለሚበላው ሥዕሉ ይደበዝዛል። ሰዉ ሁሉ ፎቶግራፍ መነሣት እንደሚወድ ለቤተ ሰቦቹ የጻፈው ይኸው ሰው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ መሣሪያውን እያዘነ ሸጠው፤ እስከ ዘመናችን የደረሱትም ሥዕሎቹ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ በአንድ መዓልት አንድ ሺህ ሥዕል አንሥቶ አንዱን እንኳ ሳያስተውል የሚሄደው እንግዳ፣ ለአንድ ሥዕል ያን ያህል የደከመውን ሰው ቢያስብ ጣቱን ጥቂት ያሳርፍ ነበር።

ስለ ጅቡ የምለው አጭር ነው፤ ፍላሹን አጥፋ። የሐረሪ ቤትንም በሚመለከት፣ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ የሚቀመጠውና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሙዳዮች የሚያነሣው ባለቤቲቱ «ግቡ» ያለችው ሰው ነው እንጂ በር ገፍቶ የገባ አይደለም። በመንገድ ላለውም ሰው እንዲሁ ነው፤ አንድ ቀን ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ በሚወርደው፣ ማኪና ግርግር በሚባለው መተላለፊያ የልብስ ሰፊዎቹን የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማሁ ስወርድ፣ ቅመም የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ካሜራዬን አይተው «ልጄ፣ አምና አንዱ አንሥቶኝ እልክልሻለሁ ብሎ ሄደ፤ ታውቀው እንደሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቀውም፣ እማማ» ብላቸው፣ «ታዲያ አንተም እንደ እርሱ ነህ» ብለው ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔም ካሜራዬን ወደ ቦርሳዬ መለስሁት፤ ፍርዳቸው ትክክል ነበርና።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጁገል የምትሄድ ከሆንህ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደር፤ በመጀመሪያው ቀን ሳታነሣ ዙር፣ በሁለተኛው አንሣ። የሰው ፊት ካነሣህም፣ ከተማይቱን ከመልቀቅህ በፊት ፎቶ ቤት ገብተህ አሳትምና ላነሣሃቸው ሰዎች በእጃቸው ስጣቸው።