የድራም ተጫዋቾች የመስማት ችሎታቸውን እንዴት ይጠብቁ?

ልምምዱ አብቅቶ የድራሙ ዱላ ከተቀመጠ በኋላም ጆሮ ጭው ማለቱን ይቀጥላል። ብዙ ተጫዋቾች ይህን እንደ ሙያው ግብር ይቆጥሩታል፤ ነገሩ ግን የጉዳት ማስጠንቀቂያ ነው። የሜታሊካው ድራም ተጫዋች ላርስ ኡልሪክ ከዚሁ የማያባራ የጆሮ ጩኸት ጋር እንደሚኖር በይፋ ተናግሯል።

በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ክፍል፣ የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ኃይለኛ ድምፅ ያደክማቸዋል፤ ሲደጋገም ይገድላቸዋል። በሰው ልጅ ዘንድ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የጉዳቱን መጠን የሚወስኑት የድምፁ ኃይልና የቆይታው ጊዜ ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል በእጥፍ ስለሚያድግ የሚመከረው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በጠባብ ክፍል በኃይል የሚመታ ድራም እዚህ መጠን ላይ በቀላሉ ይደርሳል።

ተራው የስፖንጅ መድፈኛ ቀጫጭን ድምፆችን አብልጦ ስለሚያፍን የሲምባሉ ጥራት ይደበዝዛል፤ ብዙዎችም አውልቀው ያስቀምጡታል። ለሙዚቀኞች የተሠራው ባለ ማጣሪያ መድፈኛ ግን ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። በሚገባ ተገጥሞ 15 ዴሲቤል ከቀነሰ፣ ያ 15 ደቂቃ ወደ 8 ሰዓት ይራዘማል።

ጭው ማለቱ በማግሥቱም ካልተወ የጆሮ ሐኪም ማማከር ይገባል።