ተጨማሪ መረጃ፦ ከኅዋ የመጣ ፎስፈረስ?

ፎስፈረስ ሞኖኦክሳይድ ከአንድ የፎስፈረስና ከአንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ የተሠራ ሞለኪውል ነው። በኅዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ቪዋይ ካኒስ ሜጆሪስ በተባለ ግዙፍ አሮጌ ኮከብ ዙሪያ ነው። የቅርብ ዘመዱ ፎስፈረስ ናይትራይድ ግን ቀድሞ በ1987 ታውቋል። ሁለቱም በጋዝ ውስጥ ሲሽከረከሩ የየራሳቸው ድግግሞሽ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ስለሚለቁ ቴሌስኮፖች ይለዩዋቸዋል።

ይበልጥ የሚደንቀው በ2020 ይፋ የሆነው ጥናት ነው። በቺሊ የሚገኘው አልማ ቴሌስኮፕ ኮከቦች የሚወለዱበትን ኤኤፍጂኤል 5142 የተባለ ደመና መረመረ። ከወጣት ግዙፍ ኮከቦች የሚፈልቀው የጋዝ ፍሰት ደመናውን እየመታ ይቦረቡረዋል፤ እነዚህ ሞለኪውሎች የሚፈጠሩትም በተቦረቦረው ክፍተት ግድግዳ ላይ ነው። ከሁለቱ የሚበዛው ሞኖኦክሳይዱ ነው። ግድግዳው ተደርምሶ አዲስ ኮከብ ሲወለድ፣ ሞለኪውሉ በበረዷማ ብናኞች ላይ ረግቶ ሊቆይ ይችላል። ብናኞቹ ተጠራቅመው ጅራታም ኮከብ ይሆናሉ። የአውሮፓ መንኮራኩር ሮዜታ 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ዙሪያ የሰበሰበችው መረጃም የዚህኑ ሞለኪውል ምልክት አሳይቷል።

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ያለ ፎስፈረስ ዲኤንኤ አይያያዝም፤ የሕዋስ ሽፋንም ሆነ ጉልበት ተሸካሚው ኤቲፒ አይኖርም። ጅራታም ኮከቦች ይህን ንጥረ ነገር ወደ ጥንታዊቷ ምድር አምጥተው ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ክብደት ያገኘው ለዚህ ነው። ሮዜታ በዚያው ጅራታም ኮከብ ላይ ግላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድም አግኝታለች።