የባቢሌ ዝሆኖች ወንዝ ዳር

ከሐረር ጅግጅጋ የሚመላለስ ሰው የባቢሌን ዝሆኖች ወሬ ሳይሰማ አይቀርም፤ አንዴ ተገደሉ ይባላል፣ ሌላ ጊዜ ማሳ ጣሱ፣ ሰው ጎዱ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ አዳኝና የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ነው። ሐሰት አይደለም። መንግሥት ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለው ያለ ነገር አልነበረም። ዝሆኑ በሌሊት የገበሬ ማሳ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ግን የጥርስ ንግድ አያስረዳም።

ከሚገባው በታች የተወራለት ውሃው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፊሉ ኦሮሚያ፣ ከፊሉ ሶማሌ ክልል ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ሰፊ ነው። አብዛኛው ግን ደረቅ ቆላ ስለሆነ መንጋው የሚውለው እንደ ኤረርና ጎበሌ ባሉ ሸለቆዎች ነው። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ጥላውንም፣ የሚወደውን ቁልቋልም የሚያገኘው እዚያው ነው።

ያንኑ ወንዝ ዳር ሰውም ይፈልገዋል። ዝናብ በማይታመንበት አገር ገበሬው ለመስኖ፣ አርብቶ አደሩ ለግመሉና ለፍየሉ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ስለዚህ «ከመጠለያው የታረሰው ጥቂት ነው» መባሉ አያጽናናም። ያ ጥቂት መሬት ወንዝ ዳር ከሆነ ዝሆኑ ቤቱን አጥቷል።

መዘዙ ከዚህ ይጀምራል። ውሃ ፍለጋ የወረደ መንጋ የዓመት ልፋትን በአንድ ሌሊት ይረጋግጣል። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ገበሬ ደግሞ አዳኝ ሲያይ ለመጠለያው ጠባቂ፣ ለስካውት፣ የሚጠቁምበት ምክንያት አይታየኝም። ጥይቱም መንገድ የሚያገኘው በዚህ ቅሬታ በኩል ነው። የባቢሌ መንጋ ከሌሎች ዝሆኖች ተነጥሎ የቀረ በመሆኑ የሞተውን የሚተካ ከውጭ አይመጣም።

ስካውት መጨመር ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለቱ ክልሎችና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዝሆኑ ወደ ውሃ የሚወርድባቸውን ቦታዎች ከነዋሪው ጋር ተስማምተው ይለዩ፤ ሰብሉ ለጠፋበትም ካሳ ይክፈሉ። ወንዝ ዳሩ ካልተረፈ የቀረው ሰፊ ክልል ለዝሆኑ ስሙ ብቻ ነው።