ራዳን የሚለምን አምላክ

በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ግርጌ በነበሩ ትናንሽ መንግሥታት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለግድግዳ ሳይሆን በእጅ ይዞ ለማየት የሚሠሩ ሥዕሎች ነበሩ። መጠናቸው ከመጽሐፍ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ፓሃሪ ይባላሉ፤ የተራራው አገር ሥዕሎች ማለት ነው። ደጋግመው የሚያነሡት የክሪሽናንና የራዳን ፍቅር ነው። እሱ አምላክ፣ እሷ የከብት ጠባቂዎች መንደር ልጅ ናት። ምእመናኑ በራዳ ውስጥ አምላኳን የምትናፍቅ ነፍስን ያያሉ፤ የእኛ ሊቃውንት መኃልየ መኃልይን ሲተረጉሙ ከሙሽራዪቱ ጀርባ እንደሚያዩት ዓይነት።

ሠዓሊዎቹ በብዛት የቀዱት ጃያዴቫ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሳንስክሪት ከደረሰው ከጊታ ጎቪንዳ ነው። በዚያ ድርሰት ናፍቆቱ ከመገናኘቱ ይረዝማል። ክሪሽና ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲጨፍር ራዳ ትቀየማለች፤ ጓደኛዋ መልእክት ታመላልሳለች፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ ተጸጽቶ ይለምናታል። አምላክ የመንደር ልጅ ደጅ ሲጠና! የሥዕሎቹን ድፍረት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ መለኮቱን ከፍ ለማድረግ ብለው ፍቅሩን አላቀዘቀዙትም።

ከእነዚህ መንግሥታት በአንዱ፣ በጉለር፣ የነበረው ሠዓሊ ማናኩ በ1730 ድርሰቱን በተከታታይ ሲሥለው ከሰዎቹ ጀርባ የተወው አንድ ወጥ፣ ደማቅ ቀለም ነበር። በ1775 ገደማ ተከታዩ ትውልድ ያንኑ ድርሰት ሲሥል ግን ጫካው ራሱ መናገር ጀመረ፦ ሐረግ በግንድ ይጠመጠማል፣ ዛፎች ያብባሉ፣ የያሙና ወንዝ ያልፋል፣ ራዳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ክሪሽና ባይኖርም ሥዕሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ሲኖር ደግሞ በዝናብ ደመና መልኩ፣ በቢጫ ልብሱና በፒኮክ ላባ ዘውዱ ወዲያው ይለያል።

ሙያው ትዕግሥት ይጠይቃል። ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎ ይወፍራል፤ ከጀርባው በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ቀለሙ እንዲያበራ ይደረጋል። ቀጭኑ መስመር የሚሰመረው ከሽኮኮ ጅራት ፀጉር በተሠራ ብሩሽ ነው። የሌላዋ ግዛት የባሶህሊ ሠዓሊዎች ኤመራልድ ለማስመሰል የጢንዚዛ ክንፍ ቁራጭ በጌጦቹ ላይ ይለጥፉ ነበር።

የአሣሣል ስልቱ ለረጅም ጊዜ የየግዛቱ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ቢ. ኤን. ጎስዋሚ የተባሉት ህንዳዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ግን በሃሪድዋር ከተማ ካህናት የተያዙትን የተሳላሚዎች መዝገቦች አገላብጠው፣ ስልቱ የንጉሥ ሳይሆን የቤተሰብ መሆኑን አሳዩ፤ ከአባት ፓንዲት ሴዉ ወደ ልጆቹ ማናኩና ናይንሱክ፣ ከእነሱም ወደ ልጆቻቸው።