60 ፍሬም የደበቀው መንቀጥቀጥ

ጌም የሚጫወት ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በስክሪኑ ጥግ ያለው ቁጥር በሰከንድ 60 ፍሬም ይላል፤ መኪናው ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ስታክ ይላል፣ የተተኮሰውም ጥይት ዘግይቶ ይወጣል። ቁጥሩን መለስ ብለው ቢያዩት ያው 60 ነው። በዚህ ሙግት ለብዙ ዓመታት የረታው ቁጥሩ ነበር። «ላግ ያደርጋል» ብሎ ያማረረ ተጫዋች «ድራይቨሩን አጥፍተህ እንደገና ጫን» ተብሎ ይሸኛል። ቁጥሩ ራሱ ይመርመር የሚል ሰው እምብዛም አልነበረም።

አሜሪካዊው ስኮት ዋሰን ግን መረመረው። ዋሰን በ1999 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቴክ ሪፖርት የተባለውን የኮምፒውተር ዕቃዎች መገምገሚያ ድረ ገጽ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሥራው ግራፊክስ ካርዶችን ማወዳደር ነበር። አሠራሩም የታወቀ ነው፤ ጌሙ ይከፈታል፣ ጥቂት ይጫወቱበታል፣ በሰከንድ በአማካይ ስንት ፍሬም እንደወጣ ይመዘገባል፣ ብዙ ያወጣው ካርድ ያሸንፋል። ችግሩ አሸናፊው ካርድ አንዳንዴ ሲጫወቱበት የማይመች መሆኑ ነው።

ዋሰን በሴፕቴምበር 2011 ባወጣው ጽሑፍ አንዱን ሰከንድ ከፍቶ ውስጡን አሳየ። በወቅቱ ብዙ ገምጋሚዎች የሚጠቀሙበት ፍራፕስ የተባለ ፕሮግራም እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አማካዩን ወስደው ቀሪውን ይተዉታል። አሁን እንቁጠረው። 59 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 8.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢፈጁ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። 60ኛው ፍሬም ብቻውን የቀረውን ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ ጌሙ በግልጽ ቆሟል፤ አማካዩ ግን አሁንም 60 ነው። የወጡ ጨው በጠቅላላው ልክ ሆኖ አንዱ ጉርሻ ላይ ተጠራቅሞ እንደመገኘት ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየረው። በሰከንድ ስንት ፍሬም ወጣ ማለቱን ትቶ፣ ከ100 ፍሬም 99ኙ በስንት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይወጣሉ? ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ስንጠብቅ ያጠፋነው ጊዜ ተደምሮ ስንት ነው? ይል ጀመር። ለመመዘኛ ያህል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ ነው፤ 50 ሚሊሰከንድ ደግሞ በሰከንድ 20 ፍሬም ብቻ ነው።

አዲሱ መለኪያ ፍሬሞችን እየተፈራረቁ የሚሠሩ ጥንድ ካርዶች አንዱን ፍሬም አጭር፣ ቀጣዩን ረጅም እያደረጉ እንደሚያነክሱ ወዲያው አሳየ። ይህ ቀድሞም ይወራ ነበር። ያልተጠበቀው በዲሴምበር 2012 የመጣው ነው። ዋሰን የካርድ አምራቹን የኤኤምዲን ራዲዮን ኤችዲ 7950 ከተፎካካሪው ከኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 660 ቲአይ ጋር አወዳደረ። በአማካይ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ። በፍሬም ጊዜው ግራፍ ላይ ግን የራዲዮኑ መስመር በበርካታ ጌሞች እንደ እሾህ ወደ ላይ እየተወነጨፈ ይመለሳል። የኤኤምዲ ደጋፊዎች አላመኑም፤ ስለዚህ ስካይሪም የተባለውን ጌም በሁለቱም ካርዶች ቀርጾ ቪዲዮውን አዘግይቶ አሳያቸው።

ኤኤምዲ ነገሩን አልካደም። በ2013 መጀመሪያ ለተወሰኑ ጌሞች የተስተካከለ ድራይቨር አቀረበ፤ ለአዲሶቹ ካርዶቹም የድራይቨሩ የሜሞሪ አያያዝ እንደገና እየተጻፈ መሆኑን ገለጸ። ድራይቨር በጌሙና በካርዱ መካከል የተቀመጠ አስተርጓሚ ነው፤ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሜሞሪ ያደላድላል፣ ተራ ያስይዛል። እዚያ አንዲት መዘግየት ብትፈጠር ካርዱ ጉልበት እያለው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። እውነትም ካርዱ ሳይነካ ድራይቨሩ ብቻ ሲቀየር እሾሆቹ ረገፉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ኤኤምዲ በኋላ ያመነው ነገር ነው፦ ኩባንያው ራሱ ሲፈትሽ የኖረው አማካዩን ስለነበረ የእነዚህን መንቀጥቀጦች ዱካ ሳይከታተል ቀርቷል። ሺህ ብር የሌለው ተጫዋች በዓይኑ ያየውን፣ ቤተ ሙከራ ያለው አምራች አላየውም።

ፍራፕስም ቢሆን ጉድለት ነበረው። የሚለካው ጌሙ ፍሬሙን ለድራይቨሩ ሲያስረክብ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ምን እንደደረሰ አያውቅም። በማርች 2013 ኤንቪዲያ እያንዳንዱን ፍሬም በቀለም መስመር ምልክት የሚያደርግ፣ ከካርዱ የሚወጣውንም ምስል በሌላ ኮምፒውተር ቀርጾ የሚቆጥር መሣሪያ አወጣ። ተፎካካሪን የማሳጣት ፍላጎት እንደነበረበት ግልጽ ነው፤ ያሳየው ግን እውነት ነበር። በጥንድ ራዲዮኖች ላይ አንዳንዱ ፍሬም በስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቀጭን ሰበዝ ብቻ ነው። ለዓይን ምንም አይጠቅምም፤ ሲቆጠር ግን እንደ ሙሉ ፍሬም ይቆጠራል። ኤኤምዲ በኦገስት 2013 ፍሬሞቹን በእኩል ርቀት የሚያከፋፍል ድራይቨር አወጣ። ዋሰንንም በ2015 መጨረሻ ቀጠረው።

ዛሬ ይህ መለኪያ በነፃ ይገኛል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ከሪቫቱነር ጋር፣ ወይም የኢንቴሉ ፕሬዘንትሞን የፍሬም ጊዜን በግራፍ ያሳያሉ። ለላፕቶፕ ደግሞ ከምንም በላይ ያስፈልጋል፤ የሚጎትተው ነገር ብዙ ነውና። መስመሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀጥ ብሎ ከፍ ካለ ቻርጀሩ መሰካቱን፣ ጌሙም አብሮ በተሠራው ደካማ ግራፊክስ ሳይሆን በዋናው ካርድ መሥራቱን ማየት ነው። ጥሩ ጀምሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ እዚያው ከቀረ ሙቀት ነው፤ ማራገቢያው አቧራ ይዞ ይሆናል፣ ድራይቨሩን መቀየር አያድነውም። አዲስ ቦታ በገቡ ቁጥር እሾህ ከታየ ሜሞሪው ሞልቶ፣ ወይም ጌሙ ገና ፋይል እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ያው ቦታ ትናንት ለስላሳ ሆኖ ከድራይቨር ማደሻ በኋላ እሾህ ካበቀለ ግን ጥፋተኛው በአብዛኛው ድራይቨሩ ነው፤ ወደ ቀድሞው መመለስ ይበጃል።

የኤንቪዲያ አዲስ ድራይቨር ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ ከማውረድዎ በፊት አንድ ጊዜ ግራፉን ከፍተው ይዩት።