የባሕር ማዶ ልጆችና የክርስትና ስማቸው

ዮሴፍ በግብፅ ምድር ስሙ በፈርዖን ቢለወጥም ስለ አባቱ ስለ ያዕቆብ መጠየቅን አልተወም። በዘመናችንም ከሕፃናት ማሳደጊያዎች በጉዲፈቻ ወደ ባሕር ማዶ የተወሰዱ ልጆቻችን አድገው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ ይበልጣሉ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቢታገድም፣ ቀድሞ የሄዱት ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ከሻሸመኔ አጠገብ ካለችው ከኩየራ የሄደ ልጅ ቢመለስ የማንን ስም ይዞ ይጠይቃል? በአገራችን ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ያ ስም በአሳዳጊው ስም በተተካ ጊዜ የዘር ሐረጉ ይሰወራል። የልደት ምዝገባም በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ የክርስትና አባት ወይም እናትም ይቆሙላቸዋል። ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሄዶ እንደ ሆነ የክርስትና ስሙን፣ የተጠመቀበትን ደብርና ዓመት፣ የክርስትና አባቱንና የአያቶቹን ስም ጽፋችሁ አኑሩ። «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው መዝገብ ወላጅና ልጅ የየበኩላቸውን ታሪክ አስመዝግበው እንዲገናኙ ይረዳል፤ የዲ ኤን ኤ ምርመራም ዝምድናን ያረጋግጣል።

በችግር ምክንያት ልጇን የሰጠች እናት በኀፍረት ዝም እንዳትል ጎረቤት አይንቀፋት። የክርስትና አባትም የሚያውቀውን ሳይናገር አይለፍ፤ የእርሱ ዝምታ ልጁን ያለ ዘመድ ያስቀረዋልና።