በፒክአፕ ተሳቢ ሲጎተት ኩንታል መቁጠር ለምን ያስፈልጋል?

ፒክአፕ ተሳቢውን መጎተት ቻለ ማለት ማቆም ይችላል ማለት አይደለም። በብዙ ፒክአፖች የአምራቹ መመሪያ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ባዶው ተሳቢ 250 ኪሎ ግራም ከመዘነ ለእህሉ የሚተርፈው 5 ኩንታል ነው፤ ስድስተኛው ኩንታል ትርፍ ጭነት ይሆናል።

አጫጫኑም የክብደቱን ያህል ወሳኝ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ ሊያርፍ ስለሚገባ፣ ከባዱ ጆንያ ከተሳቢው ጎማ ጥቂት ወደ ፊት ይደረደራል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከልክ በላይ ወደ ፊት ካደላ ደግሞ የፒክአፑ የፊት ጎማዎች ይቀሉና መሪው አልታዘዝ ይላል። ውዝዋዜ ከተጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መስጫውን ቀስ በቀስ መልቀቅ ይገባል፤ ፍጥነት መጨመር አደጋውን ያብሳል።

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ተቀንሶ መኪናው በሞተር ይያዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ፣ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው፣ ከሁሉም የከፋው ነው።